እንቁላል የሚያነቃቃ መድኃኒት ለመጀመር፦ በወሎ ላሉ ባለትዳሮች የቀረበ መመሪያ

ልጅ በመፈለግ ለቆዩ ባለትዳሮች ከሐኪም ቤት አምስት ፍሬ ኪኒን ይዞ መውጣት ትልቅ ተስፋ ነው። ተስፋውም መሠረት የሌለው አይደለም፤ እንቁላል በየወሩ ባለመውጣቱ ምክንያት ማርገዝ ላልቻለች ሴት ክሎሚፊን እና ሌትሮዞል የሚባሉት ኪኒኖች በቀዳሚነት የሚታዘዙ፣ ዋጋቸውም ከሌሎቹ የመካንነት ሕክምናዎች ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ የሆነ መድኃኒቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ደሴ ውስጥ በመድኃኒት ቤት ስሠራ ደጋግሜ የማየው አንድ ነገር እጅግ ያሳስበኛል፤ የጎረቤቷን ባዶ የኪኒን ማሸጊያ በመሀረብ ጠቅልላ መጥታ «ይህንኑ ስጡኝ፣ ለእሷ ሠርቶላታል» የምትል እህት ቁጥሯ ቀላል አይደለም። ኪኒኑን መዋጥ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱና ውጤቱን የሚወስነው ከመዋጡ በፊት የሚደረገው ምርመራ፣ ከዚያም ቀናቱን በትክክል መቁጠር ነው፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁትም ለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ መረዳት ያስፈልጋል፤ ምን እንደማይሠራ የሚታወቀው በዚያው ነውና። አንጎል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ የተባለችው ዕጢ በየወሩ የምትልከው ሆርሞን በኦቫሪ (በሴቷ የእንቁላል ማምረቻ አካል) ውስጥ ያሉትን ፎሊክሎች፣ ማለትም እንቁላል የያዙትን ትናንሽ ከረጢቶች፣ ያሳድጋል። ክሎሚፊን አንጎል ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን እንዳይለይ ያደርገዋል፤ ሌትሮዞል ደግሞ ኤስትሮጅን እንዳይመረት ለጥቂት ቀናት ያግዳል። በሁለቱም መንገድ አንጎል ኤስትሮጅን ያነሰ ስለሚመስለው ፎሊክል የሚያሳድገውን ሆርሞን ጨምሮ ይልካል። ሥራው ይኸው ነው። የተዘጋ የማህፀን ቱቦ አይከፍትም፤ የባልን የዘር ፍሬ አያበዛም፤ እንቁላል ያለጊዜው ባለቀበት ኦቫሪ ውስጥም አዲስ እንቁላል አይፈጥርም።

ከመጀመርዎ በፊት መልስ ማግኘት ያለባቸው ጥያቄዎች

ዕድሜዎ ከ35 ዓመት በታች ከሆነ ያለ መከላከያ አንድ ዓመት፣ 35 የሞላዎት ከሆነ ደግሞ ስድስት ወር ሞክረው እርግዝና ካልመጣ ወደ ማህፀንና ጽንስ ሐኪም መሄድ ተገቢ ነው። የወር አበባዎ በሁለትና በሦስት ወር አንዴ ብቻ የሚመጣ ወይም ከነአካቴው የቆመ ከሆነ ግን ይህን ያህል መጠበቅ አያስፈልግም።

ሐኪሙ በቅድሚያ የሚያጣራው እንቁላል በእርግጥ የማይወጣ መሆኑንና ምክንያቱን ነው። የወር አበባ መዛባት፣ በፊትና በአገጭ ላይ የሚበዛ ፀጉር፣ ብጉር እና በአልትራሳውንድ የሚታዩ ብዙ ትናንሽ ፎሊክሎች ፒሲኦኤስ የሚባለውን የሆርሞን መዛባት ያመለክታሉ፤ እነዚህ ኪኒኖች ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅሙትም ለዚህ ነው። ነገር ግን የወር አበባ በሌላ ምክንያትም ይዛባል። የእንቅርት ሆርሞን መዛባት ወይም ከጡት ወተት ጋር የሚያያዘው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን መብዛት ከሆነ ምክንያቱ፣ ሕክምናው ሌላ ነው፤ የእንቁላል ኪኒን ሳያስፈልግ የወር አበባው ሊስተካከል ይችላል። ስለዚህ የእነዚህን ሆርሞኖች የደም ምርመራ «ገንዘብ ማባከን» ብለው አይለፉት። ሳያጠቡ ከጡትዎ ወተት የሚወጣ ከሆነም ሳያፍሩ ይንገሩ።

ሁለተኛው የባል ምርመራ ነው። በዚህ ላይ ረዘም ብዬ መናገር የምፈልገው፣ በአገራችን ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሴቷ ብቻ በመሆኑ ነው። የወንድ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተዳምሮ ልጅ ለመውለድ ከሚቸገሩት ባለትዳሮች ግማሽ በሚጠጉት ላይ ይገኛል። አማት ምራቷን ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ሲያመላልሱ ልጃቸው አንድም ቀን ላቦራቶሪ ሳይገባ ዓመታት ያለፉባቸው ቤቶች አሉ። ምርመራው መርፌ የለውም፤ ዋጋውም በሴቷ ላይ ከሚደረጉት ምርመራዎች ከብዙዎቹ ያነሰ ነው። ባል ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ የዘር ፈሳሹን ንጹሕ በሆነ የላቦራቶሪ ዕቃ ይሰጣል። ፈሳሹ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ ስላለበት ከሐይቅ ወይም ከኩታበር ይዞ መምጣት አያዋጣም፤ ላቦራቶሪው ባዘጋጀው ክፍል ወይም በአቅራቢያው በሚገኝ ማረፊያ መስጠት ይሻላል። ባልዎ እምቢ ካሉ ከሚያከብሯቸው ሰው፣ ከታላቅ ወንድማቸው፣ ከንስሐ አባታቸው ወይም ከሰፈሩ ሼህ ጋር ተነጋግሮ ማግባባት ከክርክር ይልቅ ሲሠራ አይቻለሁ። ውጤቱ መጥፎ ሆኖ ከተገኘ የእርስዎ ኪኒን መጀመር የሚጨምረው ነገር አይኖርም።

ሦስተኛው የማህፀን ቱቦዎች ክፍት መሆናቸው ነው። ቀደም ሲል የማህፀን ኢንፌክሽን፣ የአባላዘር በሽታ፣ የሳንባም ሆነ የሌላ አካል የቲቢ በሽታ፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት ወይም የሆድ ቀዶ ሕክምና ያጋጠማት ሴት ቱቦዋ የመዘጋት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ምርመራው ቀለም በማህፀን በኩል ተሰጥቶ በኤክስሬይ የሚታይበት ሲሆን የሚደረገውም የወር አበባ ደም ከቆመ በኋላ፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። የወር አበባ የመሰለ ቁርጠት ስለሚኖረው ከምርመራው በፊት የሚወሰድ ማስታገሻ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። እንደነዚህ ያለ ታሪክ ለሌላት ወጣት ሴት አንዳንድ ሐኪሞች ይህን ምርመራ ለጥቂት ወራት ሊያቆዩት ይችላሉ፤ ውሳኔው የሐኪሙ ነው።

ከዚህ ሌላ ኪኒኑ ከመጀመሩ በፊት እርግዝና አለመኖሩ በምርመራ ይረጋገጣል። የጉበት ሕመም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የማህፀን መድማት ወይም በኦቫሪ ላይ ያለ ትልቅ የውሃ እጢ ካለብዎ ሳይጠየቁም ይናገሩ። በተጨማሪም ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም ከእርግዝናው በፊት ጀምሮ መውሰድ ያስፈልጋል፤ የጽንሱ አከርካሪና አንጎል የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ በፊት ስለሆነ፣ ከታወቀ በኋላ መጀመር የዘገየ ነው። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከእርግዝና ጋር የሚስማማ መሆኑ አሁን ይታይ። ፒሲኦኤስ ኖሮብዎ ክብደትዎ ከፍ ያለ ከሆነ ከክብደትዎ ከመቶ አምስት ያህሉን መቀነስ ብቻውን እንቁላሉን ሊያስወጣው ይችላል።

ክሎሚፊን ወይስ ሌትሮዞል

ክሎሚፊን እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ከተፈቀደ ጀምሮ ሲያገለግል የቆየ ነው። ሌትሮዞል ለዚህ አገልግሎት የመጣው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ትልቅ ጥናት ፒሲኦኤስ ካለባቸው ሴቶች መካከል ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ፣ ክሎሚፊን ከወሰዱት 19.1 በመቶ ሕያው ልጅ እንደወለዱ አሳይቷል፤ በዚህም ምክንያት ዛሬ ለፒሲኦኤስ በቅድሚያ የሚመከረው ሌትሮዞል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ እህቶችን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። የሌትሮዞልን ካርቶን ከፍተው በውስጡ ያለውን ወረቀት የሚያነቡ፣ ወይም ማንበብ የሚችል ዘመድ የሚያነብላቸው፣ መድኃኒቱ የጡት ካንሰር መድኃኒት እንደሆነ ተጽፎ ያገኙታል። አንዲት እህት ወረቀቱን ዘርግታ ጣቷን በዚያች መስመር ላይ አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሐኪሙ የደበቀኝ በሽታ አለ እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች። የተደበቀ በሽታ የለም። መድኃኒቱ በመጀመሪያ የተመዘገበው ለዚያ ሕመም ስለሆነ ወረቀቱ ያንኑ ይናገራል፤ ለጡት ካንሰር ለዓመታት በየቀኑ ሲወሰድ፣ ለእንቁላል ግን በወር አምስት ቀን ብቻ ነው። ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣም ጽንስ በሚያርፍበት ጊዜ በደም ውስጥ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው። በትክክል መጠንቀቅ የሚገባው እርጉዝ ሆኖ ሳያውቁ መውሰድን ነው፤ ከመጀመር በፊት የእርግዝና ምርመራ የሚደረገውም ለዚህ ነው።

ቀን አቆጣጠሩ

በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ከሁሉ የሚበዛው ስህተት የቀን ስህተት ነው። የመጀመሪያው ቀን የሚባለው ደሙ ደማቅ ሆኖ በደንብ የፈሰሰበት ቀን እንጂ ጠብታ ወይም ቡናማ ነገር የታየበት ቀን አይደለም። ከዚያ ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ብዙውን ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው፣ አንዳንዴም ከሁለተኛው ወይም ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ለአምስት ተከታታይ ቀን ይወሰዳል። የመነሻ መጠኑ በአብዛኛው ክሎሚፊን 50 ሚሊግራም፣ ሌትሮዞል ደግሞ 2.5 ወይም 5 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ነው።

በምሳሌ እንየው። ደሙ በደንብ የፈሰሰው ጥር 4 ከሆነ ሦስተኛው ቀን ጥር 6 ነው፤ ኪኒኑ ከጥር 6 እስከ ጥር 10 ይወሰዳል። እንቁላል የሚጠበቀው የመጨረሻው ኪኒን ከተወሰደ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ፣ ማለትም ከጥር 15 እስከ 20 ነው። ስለዚህ ከጥር 13 ጀምሮ እስከ 22 ድረስ በየሁለት ቀኑ ግንኙነት ማድረግ በቂ ነው። ሃያ አንደኛው ቀን ጥር 24 ሲሆን፣ እንቁላል መውጣቱን የሚያረጋግጠው የፕሮጄስትሮን (እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚጨምር ሆርሞን) የደም ምርመራ በዚያ አካባቢ ይታዘዛል። የወር አበባው ካልመጣ በሠላሳ አምስተኛው ቀን፣ የካቲት 8፣ የእርግዝና ምርመራ ይደረጋል። ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈው በግድግዳው ካላንደር ላይ ምልክት ያድርጉ። ሐኪም ቤቱ የቀጠሮ ካርድ ላይ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ከጻፈ ወደ እኛው እንዲቀይሩልዎ እዚያው ይጠይቁ፤ የስልክ መተግበሪያዎችም የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነው። ከነሐሴ ወደ መስከረም የሚሻገር ዙር (የአንድ ወር የሕክምና ጊዜ) ሲሆን ጳጉሜን መቁጠር የሚረሱ አሉ፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን መሳት አጠቃላይ ወሩን ያበላሻል።

የወር አበባዋ ጨርሶ የማይመጣ ሴት «የመጀመሪያ ቀን» ስለማይኖራት ሐኪሙ ፕሮጄስትሮን መሰል ኪኒን ለ5 እስከ 10 ቀን ሊያዝላት ይችላል፤ ኪኒኑ ካለቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደም ይመጣል፤ ቆጠራውም ከዚያ ይነሣል።

ኪኒኑን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይውሰዱ። ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ከመኝታ በፊት የሚወስዱት ሴቶች የራስ ምታቱና የፊት ሙቀቱ በእንቅልፍ እንደሚያልፍላቸው ይናገራሉ። አንድ ቀን ከረሱ በማግስቱ ሁለት አይዋጡ፤ ለሐኪሙ ወይም ለመድኃኒት ቤቱ ደውለው ይጠይቁ።

ጾምና ጸሎት

ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት ሳይቀር ተዛምዶ የሚኖርበት አገር ስለሆነ ይህን ጉዳይ ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በረመዳን ወር ኪኒኑ ከኢፍጣር በኋላ ወይም በሱሁር ሰዓት ሊወሰድ ይችላል፤ የኪኒኑ ቀናት የመጀመሪያዎቹ ደግሞ የወር አበባ ደም ባለበት፣ ሴቷ በማትጾምበት ጊዜ የሚውሉ ናቸው። ግንኙነቱ በሌሊት ሊሆን ስለሚችል ዙሩ የግድ መቋረጥ የለበትም። ለኦርቶዶክስ ምእመናን ግን ዐቢይ ጾም 55 ቀን በመሆኑ፣ በጾም ከግንኙነት የሚታቀቡ ባለትዳሮች አንድ ሙሉ ዙር፣ አንዳንዴም ሁለት፣ ያልፋቸዋል። ይህን የሚከተሉ ከሆነ መድኃኒቱን በጾሙ መካከል ጀምሮ ያለ ፍሬ ከማሳለፍ ከፋሲካ በኋላ መጀመር ወይም ጉዳዩን አስቀድሞ ለንስሐ አባት አስረድቶ መምከር ይሻላል። ሐኪሙም ይህን ቢያውቅ ቀጠሮውን ያስተካክላል፤ ሳይነግሩት ቀርተው «ዙሩ አልሠራም» ብሎ መጠን እንዲጨምር ማድረግ ግን ጉዳት አለው።

ለግሸን ማርያም የተሳለችም፣ ጀማ ንጉሥ ሄዳ ዱዓ ያስደረገችም ሕክምናዋን የምታቋርጥበት ምክንያት የለም። ጠበል የሚጠጡ ከሆነ ግን የሚያስመልስ ከሆነ ኪኒኑም አብሮ ሊወጣ ስለሚችል ሰዓቱን ያራርቁ። የባህል የማህፀን መድኃኒት የሚባሉት ሥራሥሮችና ቅጠሎች ጉዳይ ይለያል፤ በውስጣቸው ያለው ነገርና መጠኑ ስለማይታወቅ፣ ጉበትን የሚጎዱም ስላሉ፣ በእነዚህ ወራት ከኪኒኑ ጋር እንዳይወስዱ አጥብቄ እለምናለሁ።

ክትትል ከሩቅ ለሚመጡ

የተሟላው ክትትል ከአሥረኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ጀምሮ ፎሊክሉን በአልትራሳውንድ እየለኩ መከታተል ነው። ፎሊክሉ በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ያድጋል፤ ከ18 እስከ 20 ሚሊሜትር ሲደርስ እንቁላሉ ለመውጣት ተቃርቧል። አንዳንድ ሐኪሞች በዚህ ጊዜ እንቁላሉን የሚያስለቅቅ ኤችሲጂ የተባለ መርፌ ይሰጣሉ፤ እንቁላሉ ከ36 ሰዓት ያህል በኋላ ይወጣል። መርፌውን ከወሰዱ በኋላ በሚቀጥሉት አሥር ቀናት ገደማ በቤት የሚደረግ የሽንት ምርመራ ሳያረግዙ «አዎንታዊ» ሊል ስለሚችል አይቸኩሉ፤ የሐሰት ደስታው የሚያደርሰው ሐዘን ከባድ ነው።

ከደላንታ፣ ከመካነ ሰላም ወይም ከወግዲ ለሚመጡ ሴቶች በየሁለት ቀኑ ደሴ መመላለስ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢያንስ የመጀመሪያው ዙር ሲሆን በአልትራሳውንድ ቢታይ መልካም ነው፤ ሰውነትዎ ለመድኃኒቱ ምን ያህል እንደሚመልስ የሚታወቀው በዚያ ነውና። ስለዚህ ለዚያ ዙር ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ለጥቂት ቀናት ማረፍ የሚቻል ከሆነ ያርፉ። ካልተቻለ በሃያ አንደኛው ቀን የሚደረገውን የደም ምርመራ አይተዉ። ከዚህ ባነሰ ክትትል ወር ከወር ኪኒን መውሰድን አልደግፍም።

ምን ይሰማዎታል፣ መቼስ ይሮጣሉ

ድንገተኛ የፊትና የደረት ሙቀት፣ ራስ ምታት፣ የሆድ መነፋት፣ የጡት ሕመም፣ ማቅለሽለሽ እና ሆደ ባሻነት የተለመዱ ናቸው፤ ያልፋሉ። ባልዎና የቤት ሰው ይህን ቀድመው ቢያውቁ በእነዚያ ቀናት የሚመጣው ንዴት ከጸባይ አይቆጠርብዎትም። በክሎሚፊን ላይ ሳሉ ዓይንዎ ከደበዘዘ፣ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ወይም ጥላ ካዩ ግን ቀሪውን ኪኒን ሳይውጡ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሆድ በፍጥነት ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ማስመለስ፣ የሽንት መቀነስ እና በጥቂት ቀናት ክብደት መጨመር ኦቫሪዎች ከመጠን በላይ መነቃቃታቸውን ያመለክታሉ፤ በኪኒን ብዙም አያጋጥምም፣ በመርፌ በሚሰጡት ሆርሞኖች ይበዛል። በአንድ ጎን ድንገት የሚጀምር ከባድ የሆድ ሕመም ኦቫሪው የመጠምዘዙ፣ የወር አበባ ከቀረ በኋላ ከሆነ ደግሞ ጽንሱ ከማህፀን ውጭ የመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁኔታዎች ነገ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ፤ የምን መድኃኒት እየወሰዱ እንደሆነም ይናገሩ።

መንታ የመፀነስ ዕድልም ከፍ ይላል፤ በክሎሚፊን ካረገዙት መቶ ሴቶች ሰባት ወይም ስምንት ያህሉ መንታ ይይዛሉ። መንታ እንዲመጣ ብሎ መጠን መጨመር የሚፈልጉ ሰዎች ያጋጥማሉ፤ መንታ እርግዝና ያለጊዜ መውለድንና የደም ግፊትን የሚያበዛ በመሆኑ ይህ ሊታሰብ አይገባም።

ዙሩ ሲያልቅ

ኪኒኑን ወስደው የወር አበባ ቢመጣ ጥያቄው አንድ ነው፤ እንቁላል ወጥቶ ነበር ወይስ አልወጣም? ካልወጣ ሐኪሙ በሚቀጥለው ዙር መጠኑን ይጨምራል፤ ክሎሚፊን እስከ 100፣ አንዳንዴም 150 ሚሊግራም፣ ሌትሮዞል እስከ 7.5 ሚሊግራም ሊደርስ ይችላል። እንቁላል ከወጣ ግን መጠን መጨመር ጥቅም የለውም፤ ያው መጠን ይደገማል። ክሎሚፊን ሲበዛ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ሊያሳሳ፣ የማህፀን በር ፈሳሽንም ሊያወፍር ስለሚችል «በዛ ማለት በረታ ማለት» አይደለም።

እንቁላል እየወጣ ሦስት ዙር ካለፈ ነገሩ እንደገና ይመርመር፤ ያልታየ ቱቦ ካለ ይታይ፣ የባልም ምርመራ ይደገም። ስድስት ዙር ካለፈ በዚያው ኪኒን መቀጠል ጊዜን ይበላል፤ ዕድሜዎ ከ35 በላይ ከሆነ ደግሞ ይህን ያህልም አይጠብቁ። ቀጣዩ እርምጃ የሆርሞን መርፌ፣ የዘር ፍሬን በቀጥታ ወደ ማህፀን ማስገባት ወይም ከማህፀን ውጭ ማፅነስ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም አዲስ አበባ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው። ሪፈር ሲጻፍልዎ የደም ምርመራዎችን ውጤት፣ የቱቦውን የኤክስሬይ ፊልም፣ የባልዎን የዘር ምርመራ ወረቀት እና በየዙሩ የወሰዱትን መጠንና ቀን የጻፉበትን ወረቀት በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ አለበለዚያ ሁሉም ምርመራ ከመጀመሪያው ይጀመራል፣ ገንዘቡም ሁለተኛ ይከፈላል።